የሰባት እርምጃው አውሮፕላን

መኪና ቀቢውን «መስታወቱ» ብሎ የሰየመው አንድ ደንበኛ ነው። ሰውዬው የተቀባችለትን መኪና ሊወስድ ይመጣል፤ አንድ ሰው ፊት ለፊት ሲመጣበት ያያል፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ እለፍ» ብሎ በሩ ላይ ላየው ለገዛ ምስሉ መንገድ ይለቃል። ወሬውን የሚያወራው ራሱ መስታወቱ ስለሆነ ግማሹን መቀነስ ደግ ነው። የቀረው ግማሽ ግን ሐቅ ነው፤ የጋራዡ ጎረቤቶች ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን የሚያበጥሩት እሱ በቀባው መኪና ላይ ነበርና።

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። «የሚታየውንማ ማንም ይቀባዋል፤ አንተ የማይታየውን ቀባ» ይሉት ነበር። መስታወቱም ይህን ቃል እንደ መሐላ ይዞ የወንበር ሥር ይቀባል፣ የበር ውስጥ ይቀባል፣ ከዘይት በቀር ማንም ዘልቆ የማያውቀውን ጉድጓድ ሁሉ ይቀባል። «ይሄን ደግሞ ማን ያየዋል?» ሲሉት፣ ደረቱን ነፍቶ «እኔ!» ነው መልሱ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ሲያልፍ፣ ሰዎች በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ሲያበርሩ አየ። አውሮፕላኑ ያምር ነበር፤ ቀለሙ ግን በግድግዳ ብሩሽ የተለቀለቀ ይመስል ነበር። መስታወቱ ይህን ግፍ መቻል አቃተው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣ «ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ አንድ ክንፍ ብቻ፣ ጠረጴዛሽ ላይ» አላት።

ሳምንቱ እነሆ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ በአንድ ትልቅ ሆቴል የወጥ ቤት ሼፍ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለሦስት መቶ ሰው ጠረጴዛ ስታስሞላ ትውልና ቤቷ ስትገባ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትበላለች። ስድስት ሰው የሚያስተናግደው የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ አውሮፕላኑ ከዳር እስከ ዳር ተኝቶበታል።

«አንተ ሰው፣» ትለው ነበር፣ «ይሄ ልጅ ካልበረረ እኔ እበርራለሁ።»

«ይበርራል የኔ እመቤት። ንስር ነው።»

«ንስር ሁለት ዓመት አይታቀፍም።»

ተሠርቶ ሲያልቅ ግን እሷም አፏን ያዘች። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር፣ አካሉ ከቀላል እንጨት፣ አፍንጫው ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር። ከላይ ሰባት እጅ የብር ቀለም ለብሷል፤ በየእጁ መሀል በብርጭቆ ወረቀት ተፈቅፍቆ፣ በጨርቅ ተወልውሎ። ሆዱ ላይ ያለችው ክዳን ስትከፈት ደግሞ ውስጡ እንደ ውጪው ያበራል። ባትሪውና የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ የሚሰማው ሬዲዮ ተቀባይ ዕቃ፣ ሙሽራ የሚገባበት ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። ሁለቱ የአንቴና ሽቦዎች እንኳ አልተንጠለጠሉም፤ በሥርዓት ታጥፈው ግድግዳው ላይ ተጣብቀዋል። እንጨት ከውስጥ እንዲያ ለስልሶ እንዴት ሊያበራ እንደቻለ ጠያቂው ብዙ ነበር።

«የሙያ ምስጢር ነው» ይላል መስታወቱ፤ ይቺን ሲል ቅንድቡ ብቻውን ይጨፍራል።

የበረራ ክበቡን የሚመሩት ሰው «ካፒቴን» ይባላሉ። በሕይወታቸው ያዘዙት ትልቁ ነገር የሲኒማ ቤት ወረፋ ነው፤ ግን ፊሽካ አላቸው፣ ባለቁልፍ ኮት አላቸው፣ ሕግ አላቸው። ሕጋቸውም ይህ ነው፦ አዲስ አውሮፕላን ከመብረሩ በፊት መሬት ላይ ይፈተናል። አንድ ሰው አውሮፕላኑን ይይዛል፤ ባለቤቱ መቆጣጠሪያውን ይዞ፣ የሬዲዮውን ጉልበት የምታደክመዋን ቁልፍ ተጭኖ፣ እየቆጠረ ይርቃል። ሬዲዮው በደከመ ጉልበቱ ሠላሳ እርምጃ ከሰማ፣ በሙሉ ጉልበቱ ሰማይ ላይም ይሰማል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ግን ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ሰው ጭንቅላት ላይ የሚወድቅ አውሮፕላን አይፈለግማ።

በመጀመሪያው እሑድ መስታወቱ አውሮፕላኑን ይዞ ሲገባ ሜዳው ጸጥ አለ። ኤሌክትሪሽያኑ ጓደኛው፣ በሠራበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ እሳት ስለሚታይ «ብልጭታ» የሚሉት፣ አውሮፕላኑን ተቀብሎ ደረቱ ላይ ያዘው። ራሱን በክንፉ ውስጥ አየና ምላሱን አወጣ።

«አንድ!» አለ መስታወቱ እየራቀ፤ የጭራውን መሪ ወደ ግራ አዘዘ፤ ጭራው ወደ ግራ ሄደ። «ሁለት!» ወደ ቀኝ፤ ሄደ። «ሦስት! አራት! አምስት! ስድስት!» ጭራው እንደ ደስተኛ ውሻ ተወዛወዘ። «ሰባት!»

ጭራው ቆመ።

መስታወቱ ግራ አለ። ቀኝ አለ። ቁልፎቹን እንደ ክራር ነካካ። አውሮፕላኑ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ጭራው ተወዛወዘ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ ጭራው ቆመ።

«ትዳር ይመስላል» አለ ብልጭታ። «አጠገቡ ሲሆኑ ይሰማል፣ ዞር ሲሉ አያውቃቸውም።»

ሜዳው በሳቅ አለቀ። ካፒቴን በመዝገባቸው ላይ አንድ ጭረት አሰመሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። መስታወቱ መጀመሪያ የጠረጠረው ባትሪውን ነው፤ አዲስ ባትሪ ገባ። ቀጥሎ ከሜዳው ማዶ የተተከለውን የስልክ ማማ ጠረጠረ፤ ሄዶ ሥሩ ቆሞ በክፉ ዐይን ሲያየው ዋለ። ቀጥሎ የጋራዡ ጎረቤት የሆነውን በያጅ ጠረጠረ፤ በያጁ ግን እሑድ እሑድ እንደማይሠራ፣ ሜዳውም አምስት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ምስክር ጠርቶ ነጻ ወጣ። በመጨረሻ የራሱን ካልሲ ጠረጠረ፤ ናይለን ነው፣ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል ብሎ ቀየረው። እያንዳንዱን ጥርጣሬ ደግሞ ለሚስቱ በስልክ ይነግራታል። ሦስት መቶ እንግዳ ምሳ እየጠበቀባት፣ «የኔ እመቤት፣ ነገሩ ማማው ሳይሆን ይቀራል?» የሚል ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል።

የሚገርመው፣ ቤት ውስጥ አውሮፕላኑ ሁሌም ጤነኛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ፣ መስታወቱ ከበረንዳው ማዶ፣ ከግቢው በር ሆኖ ሲያዝዘው ጭራው ይወዛወዛል። ሜዳ ሄዶ ክዳኑ ሲዘጋ ይደነቁራል።

«ሰው ፊት ያፍራል» ስትል ሚስቱ ፈረደች።

በሁለተኛው እሑድም ያው ሰባት እርምጃ። ያው ጭረት። ብልጭታ በዚህ ጊዜ አልሳቀም፤ ተቀባዩን ዕቃ ከአውሮፕላኑ ሆድ አውጥቶ መዳፉ ላይ አድርጎ ያዘው። መስታወቱ እየቆጠረ ራቀ፤ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ መቶ። ዕቃው ሁሉንም ሰማ። መልሰው ሆዱ ውስጥ ከትተው ዘጉት፤ በሰባተኛው እርምጃ ሞተ።

«ዕቃውስ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቤቱ ነው» አለ ብልጭታ።

«የኔ ቤት?» አለ መስታወቱ፤ ፊቱ እንደ ፍሬን መብራት ቀላ። «ይሄ ቤት እኮ ሰባት እጅ የተቀባ ነው! ካንተ ቤት ግድግዳ ይበልጣል!»

«ውስጡን ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የሚያበራው?»

«የሙያ ምስጢር ነው።»

«እንግዲያው ምስጢርህን ታቅፈህ ቅር!»

ልብ በሉ፣ ያን ቀን ምስጢሩን ቢተነፍስ ኖሮ ብልጭታ በአንድ አፍታ ነገሩን ይጨርሰው ነበር። ግን ኩሩ ሰው ከምስጢሩ ጥርሱን ቢሰጥ ይቀለዋል።

የሦስተኛው ፈተና ቀን ለመጪው እሑድ ተቆረጠ። ወሬውም ጋራዥ ለጋራዥ ዞረ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት እንደሚባለው፣ ሰባቱ እርምጃ ወደ ሦስት ወርዶ፣ አንዳንዱም «ባለቤቱ ጆሮው ሥር ካልጮኸበት አይነቃም» ይል ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ቸር ደንበኛ የተናገረው ነው። የጋራዡን ጣሪያ ቀና ብሎ አየና፣ «ካልበረረም ግድ የለህም፤ እዚህ ጋ በገመድ ብታንጠለጥለው ያምራል» አለው። መስታወቱ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሁለት ዓመት የለፋበት ንስር ዝንብ የሚያርፍበት የጣሪያ ጌጥ ሊሆን! በታች ያለፈ ሁሉ ቀና እያለ «ያ የማይሰማው» ሊለው!

ቅዳሜ ጠዋት ለሚስቱ ስድስት ጊዜ ደወለላት። ስድስቱንም ጊዜ ያቺ የስልክ ሴትዮ፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ሊገኙ አይችሉም» አለችው። ሚስቱ ወደ ማታ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ስልክሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ሆቴሉ ቀዝቃዛ ክፍል፣ አትክልቱ ጋ ነበርኩ።» ጫማዋን እያወለቀች ነው።

«ስድስት ጊዜ?»

«ካሮት ልቆጥር ገብቼ…»

«ስድስት ጊዜ ካሮት ይቆጠራል? ከብት ነው እንዴ፣ የሚጠፋው?»

ሚስቱ አየችው። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሳቋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቤቱን ሞላው፤ ወንበሩን ተደግፋ እንባዋን ጠረገች።

«እሺ፣ ልንገርህ። እንዳትቆጣ ማልልኝ።»

«አልምልም።»

«እንግዲያው ሳትምል ስማ። አንተ ስለ ማማና ስለ ካልሲ ልትደውል ስትል ልቤ ያውቀዋል። ያኔ የካሮቱን ትሪ አነሳና ቀዝቃዛው ክፍል እገባለሁ። በሩን ስዘጋው ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ድብን ይላል። እኔ ብቻ እንዳልመስልህ፣ ወጥ ቤቱ በሙሉ እዚያ ነው የሚደበቀው። ሥራ አስኪያጁ ሲፈልገን፣ የሳህን አጣቢዋ አማት ስትደውል፣ ሁላችን ካሮት ቆጣሪ ነን። አንድ ቀን አምስት ሰው ሆነን አንድ ትሪ ይዘን ተገናኝተናል።»

መስታወቱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር አገኘና ቆመ።

«በሩ ክፍት ሲሆንስ?»

«ክፍት ሲሆንማ ይሠራል። ስንጥቅ ስታደርገው ይንተባተባል። ሲዘጋ ጸጥ።»

«ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ብርማ ብረት ነዋ። ጣሪያው፣ ወለሉ፣ በሩ፣ ሁሉም።» ሚስቱ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ዐይኗ ጠረጴዛዋን ሁለት ዓመት የያዘባት እንግዳ ላይ፣ ክፍት በሆነችው ሆዱ ላይ አረፈ። «ልክ እንደዚህ ነው የሚያበራው» አለች በጣቷ እያሳየች። ጣቷም እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ የሆዱን ግድግዳ በጥፍሯ ቆረቆረችው።

«አንተ ሰው፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ውስጡ ያለው ቀለም ብቻ ነው?»

መስታወቱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ለሁለት ዓመት ማንም ያላወጣውን ምስጢር ለሚስቱ ሊናገር መጀመሪያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። እንጨት ከውስጥ ሻካራ ነው፤ ቢቀባም ብጉሩ ይታያል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ሙቀት ቀለም እንዳይበላ ከኮፈን ሥር የሚለጠፈውን የአሉሚኒየም ፕላስተር አመጣ። የአውሮፕላኑን ሆድ ከአፍንጫ እስከ ጭራ፣ ክዳኑንም ጭምር፣ ስንጥቅ ሳያስቀር ለበጠው፤ በጥፍሩ አለሰለሰው፤ በላዩ ቀባው። የአንቴናውን ሽቦዎችም እዚያው ላይ አጣጥፎ ለጠፋቸው።

«ማንም እንዳያየው አድርጌ» አለ በተሰበረ ድምፅ፤ ግን በዚያም ውስጥ ኩራት አልጠፋም፤ «መጋጠሚያውን በአጉሊ መነጽር ብትፈልጊ አታገኚውም።»

«ቀዝቃዛ ክፍል ሠርተህለታል!»

«እስቲ ስልክሽን አምጪ።»

ስልኳን አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ አስቀመጠ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ደወለ፤ ስልኩ ጮኸ። ክዳኑን ከድኖ ደወለ። ያቺ ሴትዮ ተመለሰች፦ «የደወሉላቸው ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት…»

«ሊገኙ አይችሉም» ብለው ባልና ሚስት አብረው ጨረሱላት።

አሁን ጥፋቱ ተገኘ፤ የቀረው ጥፋቱን መንቀል ነው፤ እሱ ደግሞ ከመፈለጉ የባሰ ሆነ። መስታወቱ ሰባት ጊዜ እጁን ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ሰደደ፣ ሰባት ጊዜ መለሰ። ያ ሽፋን የሕይወቱ ጥሩ ሥራ ነበር። ሽማግሌው ጌታው በሕይወት ቢኖሩ ወስዶ የሚያሳያቸው ያንን ነበር።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤» አለች ሚስቱ፣ «አንተ ሁለቱንም ሆንክብኝ። ምረጥ፤ ከውስጥ ይላጥብህ ወይስ ከጣሪያ ይንጠልጠልልህ?»

«ጌታዬ የማይታየውን ቀባ ብለውኛል።»

«ቀባ አሉህ እንጂ ዝጋ አሉህ? እሳቸው የመኪና በር ሲቀቡ የመስኮቱን መስታወት አብረው ይቀቡት ነበር?»

መስታወቱ ቢላ አነሳ። «የዓሣ ቢላዬን አስቀምጥ!» ብትለውም ጊዜው አልፏል፤ የመጀመሪያው ፕላስተር ከነቀለሙ ሲላጥ እንደ ልጣጭ ረጅም ሆኖ ወጣ። እየላጠ ወደ እሷ ይወረውራል፤ እሷ እየጠቀለለች ታድቦለቡላለች። ሲያልቅ ድቡልቡሉ የልጅ ኳስ አክሎ ነበር። የአውሮፕላኑ ሆድ ባዶ እንጨት ሆነ፤ ሻካራ፣ ብጉራም፣ ሐቀኛ።

ግን የውጪው ሰባት እጅ ቀለምስ? እሱም ውስጡ የብረት ዱቄት አለበት። ብልጭታን በስልክ ጠሩት። መስታወቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጢሩን ለወዳጁ ተናዘዘ፤ ከወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ ሳቅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ውጪውን አትንካው፣ ልጠኸው እንዳታለቅስብኝ፤» አለ ብልጭታ ትንፋሹ ሲመለስ። «የአንቴናዎቹን ጫፍ ግን አውጣቸው። ከጀርባው በስተህ፣ በመጠጫ ቱቦ አሳልፈህ፣ አንደኛውን ወደ ላይ አቁመው፣ ሁለተኛውን ወደ ጎን አስተኛው። አንዱ ባይሰማ ሌላው ይሰማል። ደግሞ አታጣጥፋቸው፤ ጆሮ ይታጠፋል እንዴ?»

ጀርባውን መብሳት! ሰባት እጅ የተቀባውን ጀርባ! መስታወቱ መሰርሰሪያውን አንስቶ መብሻውን ቦታ ሦስት ጊዜ በጨርቅ ወለወለው። ሚስቱ ከእጁ ወሰደችለት፣ ፖም እንደምትፈለፍል ሁለት ጊዜ ጠርር አደረገችው፣ አቧራውን እፍ አለችው፤ አለቀ። ሁለት ንጹሕ ቀዳዳ። ቱቦዎቹ ሲገቡ አውሮፕላኑ እንደ ጥንቸል ጆሮ አወጣ።

«አሁን ንስር አይመስልም» አለ መስታወቱ በሐዘን።

«አሁን የሚሰማ ነገር ይመስላል» አለች ሚስቱ፤ ልትተኛም ገባች፤ ከማለዳ ጀምራ ቆማ ነበር የዋለችው።

መስታወቱ ብቻውን ሲቀር ባዶውን እንጨት ለረጅም ጊዜ አየው። ባዶ ሊተወው አልቻለም፤ ሰው አመሉን በአንድ ቀን አይጥልም። ቀጭን ብሩሽና ብረት የሌለበት ተራ ቀይ ቀለም አመጣ። ሆዱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ በሚያምር እጁ አንድ መስመር ጻፈ። ክዳኑን ዘጋ።

እሑድ ጠዋት ሜዳው ሞልቶ ጠበቃቸው። የሚበርር ሊያይ የመጣው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የጣሪያ ጌጥ ሲመረቅ ሊያይ ነው የመጣው። ካፒቴን ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መዝገቡን ገለጡ።

«ሦስተኛና የመጨረሻ!» አሉ። «ከፈተናው በፊት ውስጡን እመረምራለሁ። ክፈት!»

ክዳኑ ተከፈተ። ያ ሁሉ የብር ግርማ ጠፍቶ ባዶ እንጨት ሲታይ ሰዉ «ወይኔ!» አለ። ካፒቴን መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ጽሑፍ አለ» አሉ። ከዚያም እንደ ዐዋጅ አነበቡት፦ «እዚህ ውስጥ ማንም አይደበቅም!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ካፒቴን መስታወቱን አዩት። «ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ካፒቴን።»

ከኋላ፣ ከሰዉ መሀል፣ አንዲት ሴት ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ትስቅ ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። የጽሑፉን ትርጉም በሜዳው ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ መስታወቱም ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያየው አንዷን ብቻ ነው።

ብልጭታ አውሮፕላኑን ያዘ። መስታወቱ ጉልበት የምታደክመዋን ቁልፍ ተጭኖ መራመድ ጀመረ። አሁን የሚቆጥረው እሱ ሳይሆን ሜዳው ነው።

«አምስት! ስድስት!» ድምፁ ወረደ። «ሰባት!»

ጭራው ተወዛወዘ።

«ስምንት!» አለ ሜዳው፤ ልጅ የወለደ ነው የሚመስለው። «ዘጠኝ! ዐሥር!» ሃያ ላይ ሰዉ እያጨበጨበ ነበር። ሠላሳ ላይ ካፒቴን ፊሽካቸውን ነፉ፤ መስታወቱ ግን አልቆመም። አርባ፣ ስልሳ፣ ሰማንያ። የሁለት ሳምንት ሐፍረቱን በእግሩ እየከፈለ ነበር።

«በቃ፣ ተመለስ!» ካፒቴን ጮኹ። «አልፈሃል! ድንበር ልትሻገር ነው!»

መስታወቱ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ነው የዞረው። ከዚያ ሩቅ ሆኖ ጭራውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አወዛወዘ፤ ሚስቱ እጇን አንስታ መለሰችለት።

በረራውንማ እሱ ሲያወራው መስማት ነው። አውሮፕላኑ ሣሩን ለቅቆ ሲነሳ ፀሐይ ክንፉ ላይ ወጣች፤ እሱ እንደሚለው፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ብርሃኑ ዐይኑን ወግቶት መንገዱ ዳር አቆመና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አጨበጨበ። ርግቦች መንገድ ለቀቁለት። ሰማይ ላይ የነበረች አንዲት ደመና ራሷን በክንፉ አይታ ቅርጿን አስተካከለች። ከዚህ ሁሉ ሦስት አራተኛውን ቀንሱ። የቀረው ይህ ነው፦ አውሮፕላኑ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ አንድም ጊዜ አልተንተባተበም፤ የታዘዘበት ቦታ ላይ፣ ከካፒቴን ጫማ ፊት፣ እንደ ላባ አረፈ። ያን ሲያይ መስታወቱ ፊቱን ወደ ማማው አዙሮ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ይህን ክፍል ደግሞ እሱ ሲያወራ ይዘለዋል።

ሰዉ ከበበው። «ምን አግኝተህበት ነው? ማማው ነው? ባትሪው ነው?» ብልጭታ ምስጢሩን ቢያውቅም አፉን በእጁ ይዞ ዝም አለ፤ ወዳጅ ማለት ይህ ነው።

መስታወቱ ማማው ነው ቢል ያምኑት ነበር። ሰዉን አየ፤ አውሮፕላኑን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ውስጡን በአሉሚኒየም ለብጬ ጆሮውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ብልጭታ ቤቱ ነው ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁም፤ ከአውሮፕላኑ በፊት የደነቆርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ያገኘችው ደግሞ» ሰዉን በእጁ ገለል አድርጎ ሚስቱን ከመሀል አወጣት፣ «ባለቤቴ ናት። ጀርባውን የበሳችውም እሷ ናት። ቀዳዳዎቹን እዩዋቸው፣ እንዲህ አድርጎ የሚበሳ ቀቢ በዚህ ከተማ የለም!»

ደረቱ ለራሱ ሥራ እንዲያ ተነፍቶ አያውቅም። ካፒቴን ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለሴትዮዋ በክብር ሰገዱ።

«እሜቴ፣ የሬዲዮ ትምህርት የት ነው የተማሩት?»

«ካሮት ስቆጥር» አለች።

ከዚያ ወደ ባሏ ዘወር ብላ፣ «በል፣ በረረ። ጠረጴዛዬስ?» አለችው።

ያን ቀን ምሳቸውን ጠረጴዛ ላይ በሉ፤ ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። አውሮፕላኑ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁለት ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣቸው ነበር።

ሰኞ ረፋዱ ላይ መስታወቱ ጋራዥ ውስጥ የእሑዱን ወሬ ለዐሥረኛ ደንበኛ አውርቶ ሲጨርስ (ተሳፋሪው ሁለት አውቶቡስ ሆኗል) አንድ ነገር ትዝ አለው። ሦስተኛውን ዙር ሲዞር ክንፉ እንዴት እንዳዘነበለ ለሚስቱ በደንብ አልነገራትም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«የደወሉላቸው ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ሊገኙ አይችሉም» አለች ሴትዮዋ።

መስታወቱ ሳቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ብሩሹን አነሳ። ደግሞ አልደወለም፤ ሚስቱ ካሮቷን በሰላም ትቁጠር።